ከዴተን ጋጣ እስከ ቢታ ገነት መንገድ፤ የቻርልስ ኬተሪንግ ሕይወትና ሁለቱ ቅርሶቹ

የአሮጌ ቤንዚን ሞተር ዲስትሪቢዩተር ክዳን ከፍቶ የኮንታክት ፖይንቱን ፊት በሞረድ ያልጠረገ፣ ክፍተቱንም በቀጭን የብረት ቅጠል ያልለካ የሙያው ሰው ቢኖር ዕድሜው ገና ለጋ የሆነ ብቻ ነው። ፎልክስዋገን፣ ላንድሮቨር፣ ፊያትና ላዳ በአገራችን መንገድ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግሉ የኖሩት ከጥፍር በማትበልጥ በዚህች የብረት መገናኛ ኃይል ነው። ዛሬ ግን እነዚህን መኪናዎች ጠብቀው ካቆዩት ሰዎች አንዳንዶቹ ኮንታክት ፖይንቱ ወጥቶ በምትኩ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ እንዲገባላቸው ይሻሉ። ጥያቄው ከአዲስ አበባ ጋራዥ ይነሣ ወይም ከቦንጋ አልፎ ከቢታ ገነት ይምጣ፣ ባለሙያው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሚወልቀውን ዕቃ ማን እንዳሰበው፣ ስለምንስ በዚያ መልክ እንደ ሠራው ቢያውቅ ይጠቀማል።

ያሰበው ሰው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ፍራንክሊን ኬተሪንግ ነው። ከዚህ ሰው እጅ የወጡት የፈጠራ ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ በስሙ የተመዘገቡት የባለቤትነት መብቶች 186 ይደርሳሉ። ለአውቶሞቢል ባለሙያ ግን ከሁሉ ይልቅ ሁለቱ ይመዝናሉ፤ አንደኛው በባትሪ የሚሠራው የማቀጣጠያ ዘዴ ሲሆን ሁለተኛው በቤንዚን ውስጥ የተጨመረው እርሳስ ነው። ሁለቱም በአንድ ሕግ ምክንያት በአንድ ዘመን ከአዲስ መኪናዎች መውጣት ጀመሩ። ነገር ግን የመጀመሪያው በምስጋና ሲሸኝ ሁለተኛው በነቀፋ ተሰናበተ። የዚህን ልዩነት ምክንያት መመርመር ለሙያው ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ የሚቆጠረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የገበሬው ልጅ

ኬተሪንግ በኦገስት 29 ቀን 1876 በኦሃዮ ግዛት በላውደንቪል አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ መጽሐፍ ማንበብ ያሠቃየው ነበር። ለጥቂት ጊዜ በገጠር ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ይሁን እንጂ የዓይኑ ሕመም ስለ ጠናበት ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። ከዚያም በአንድ የስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ ለምሰሶ ጉድጓድ ከሚቆፍሩና ሽቦ ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ዋለ፤ ሳይቆይም የእነርሱ አለቃ ሆነ። ለተማረ ወጣት ይህ ውድቀት ይመስል ነበር። ለእርሱ ግን አየርና ፀሐይ ጤናውን መለሱለት፤ ኤሌክትሪክን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሽቦውና ከመገናኛው ለመማርም ዕድል ሰጡት።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ በ1904 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሲመረቅ 28 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። በዚያው ዓመት በዴተን ከተማ የሚገኘው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር የተባለው ኩባንያ ቀጠረው። የገንዘብ መመዝገቢያ መኪናዎች በዚያን ጊዜ በእጅ እየተዞሩ ይሠሩ ነበር። ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠሩ ሲያስብ አንድ ቁም ነገር አስተዋለ። የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከር ሞተር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ለቅጽበት ብቻ ብርቱ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው የሚያርፍ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ለአጭር ጊዜ ከዓቅሙ በላይ ቢጫንም ሳይግል ስለሚያርፍ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ይህ ማስተዋል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአውቶሞቢልን ታሪክ ለወጠ።

በጋጣው ውስጥ

በኩባንያው ውስጥ የሥራ አለቃና ወዳጅ የሆነው ኤድዋርድ ዲድስ መኪና ይወድ ነበር። ኬተሪንግና ጥቂት የሥራ ባልደረቦቹ ከ1908 ገደማ ጀምሮ ማታ ማታና በዕረፍት ቀን በዲድስ ቤት ጓሮ በነበረው ጋጣ እየተሰበሰቡ ለአውቶሞቢል የተሻለ ማቀጣጠያ ለመሥራት ይደክሙ ጀመር። በዚያው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ አዲስ አበባ ገብቷል። አውቶሞቢል በዓለም ሁሉ ገና ለደፋሮችና ለባለጸጎች ብቻ የሚሆን ነገር ነበር።

ድፍረት ከሚጠይቁት ነገሮች አንዱ ማቀጣጠያው ነበር። የዘመኑ መኪናዎች ሁለት ዓይነት ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። አንደኛው ማግኔቶ ነው፤ ይህ የራሱን ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ባትሪ አያሻውም፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፣ ሞተሩም በእጅ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚሰጠው ብልጭታ ደካማ ነው። ሁለተኛው ከደረቅ ባትሪ ጋር የተያያዘ ተንቀጥቃጭ ቦቢና ነው፤ ይህ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፍንዳታ አንድ ብልጭታ በመስጠት ፈንታ የደካማ ብልጭታዎች ጎርፍ ስለሚያፈስስ ባትሪውን በቶሎ ይጨርሰዋል።

የኬተሪንግ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ለአንድ ፍንዳታ አንድ ብቻ፣ ግን ብርቱ ብልጭታ መስጠት። ከገንዘብ መመዝገቢያው ሥራ የሚያውቀውን የመግነጢስ መቆራረጫ አምጥቶ ከቦቢናው ጋር አገናኘው፤ በዚህም ባትሪው ረዥም ጊዜ ማገልገል ቻለ። ዘዴው በሂደት ተስተካክሎ ዛሬ በሚታወቀው መልኩ ጸና። ኮንታክት ፖይንቱ ሲገጥም የባትሪው ኤሌክትሪክ በቦቢናው ውስጥ ባለው ወፍራም ሽቦ ያልፍና የመግነጢስ ኃይል ያከማቻል። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ጉብታ መገናኛውን በድንገት ሲያላቅቀው የተከማቸው ኃይል ይፈርስና በብዙ ሺህ ዙር በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ውስጥ ከ15,000 ቮልት በላይ ያስነሣል። ይህ ኃይል በካንዴላው ጫፍ ዘልሎ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ኮንደንሰሩ ደግሞ በመገናኛው ላይ እሳት እንዳይበላው ይከላከላል፤ የመግነጢሱንም መፍረስ ያፋጥናል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ 100 ጊዜ ይፈጸማል።

ኬተሪንግ በ1909 ከገንዘብ መመዝገቢያው ኩባንያ ወጥቶ ከዲድስ ጋር የዴተን ምሕንድስና ላቦራቶሪ ኩባንያን አቋቋመ፤ ይህም በእንግሊዝኛ ስሙ ፊደሎች አሳጥሮ ዴልኮ ተባለ። የካዲላክ ኩባንያ መሪ የነበረው ሄንሪ ሊላንድ በጥራት ጉዳይ የማይደራደር ሰው ነበር፤ ማቀጣጠያውን መርምሮ ለ1910 መኪናዎቹ አዘዘው። ጋጣው ውስጥ የተጀመረው የማታ ሥራ በዚህ ሁኔታ ፋብሪካ ወለደ።

ሞተሪኖ

ያን ጊዜ መኪና የሚነሣው ከፊት ለፊት በሚገባ የብረት ማዞሪያ ነበር። ብልጭታው ያለ ጊዜው ከቀደመ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታና ማዞሪያውን የያዘውን ሰው ክንድ ወይም መንጋጋ ይሰብር ነበር። ሊላንድ ለዚህ አደጋ መፍትሔ እንዲፈለግ ለኬተሪንግ ጥያቄ አቀረበ። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት አንድን የመኪና ሞተር የሚያስነሣ የኤሌክትሪክ ሞተር ከራሱ ከመኪናው ያልተናነሰ ክብደት ይኖረዋል ብለው ያምኑ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚያስቡት ያለ ማቋረጥ ስለሚሠራ ሞተር ነበር። ኬተሪንግ ግን የሱቁን ገንዘብ መመዝገቢያ አስታወሰ፤ የመኪናም ሞተር የሚፈልገው የጥቂት ሰከንድ ብርቱ ጉልበት ብቻ ነውና።

በ1911 መጀመሪያ የተሞከረው መሣሪያ በ1912 የካዲላክ መኪናዎች ላይ ተገጠመ። አንድ ማሽን ሞተሩን ሲያስነሣ እንደ ሞተሪኖ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ባትሪ እንደሚሞላ ዲናሞ ሆኖ ይሠራ ነበር። ማቀጣጠያውም፣ ማስነሻውም፣ የሌሊት መብራቱም ከአንድ ባትሪ ጋር ተያያዙ። ለዚህ ሥራ ካዲላክ የእንግሊዝ አውቶሞቢል ክበብ የሚሰጠውን የዴዋር ዋንጫ ተሸለመ። ከዚህ በኋላ መኪና መንዳት ጡንቻ ያላቸው ሰዎች ዕድል ብቻ መሆኑ ቀረ።

በእነዚህ ዓመታት ሥራዎቹ ላይ አንድ የጋራ ምልክት ይታያል፤ መነሻቸው ዕቃውን በእጁ የሚይዘው ሰው ችግር ነው። የሱቅ ነጋዴው ክንድ እንዳይደክም፣ የነጂው መንጋጋ እንዳይሰበር ታስበው ተሠሩ። በ1916 ገደማ ለገበያ ያቀረበው የገጠር መብራት ጄኔሬተርም የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰላቸው ገበሬዎች የታሰበ ነበር። በተለይ ማቀጣጠያው ሲበላሽ ጉዳቱን አይሰውርም። የመገናኛው ፊት ይጠቁራል፤ በአንደኛው ወገን ጉድጓድ፣ በሌላው ወገን ጉብታ ይወጣል፤ በዘንጉ ላይ የሚፈተገው እግሩ ሲበላ ክፍተቱ ይጠብና ብልጭታው ይዘገያል። ይህን ሁሉ ዓይን ያያል፣ ቅጠሉም ይለካል፤ ሞረድና ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትም ለጊዜው ያስተካክሉታል።

ማንኳኳቱና እርሳሱ

ዴልኮ በ1916 ተሸጦ ኋላ በጄኔራል ሞተርስ ሥር ተጠቃለለ። ኬተሪንግም ከ1920 ጀምሮ እስከ 1947 የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል መሪ ሆኖ ሠራ። ሥራው ሁልጊዜ አልሰመረለትም። ከውሃ ይልቅ በአየር የሚቀዘቅዝና በመዳብ ክንፎች የተከበበ ሞተር ለሼቭሮሌ መኪና አዘጋጅቶ ነበር፤ በ1923 ወደ ገበያ የወጡት መኪናዎች ችግር ስላበዙ ተሰብስበው ተመለሱ። ከዚህ የተነሣ ሥራውን ለመልቀቅ ጠይቆ ነበር፤ የኩባንያው መሪ አልፍሬድ ስሎን ግን አላሰናበተውም።

ከሁሉ የከበደ መዘዝ ያመጣው ሥራ ግን የጀመረው ከማቀጣጠያው በተነሣ ክስ ነው። ሞተሮች ጉልበት ሲጠየቁ ከውስጣቸው የማንኳኳት ድምፅ ያሰሙ ነበር። የማግኔቶ ወገን የሆኑ ሰዎች ጥፋቱ የኬተሪንግ የባትሪ ማቀጣጠያ ነው ይሉ ነበር። ኬተሪንግ ክሱን በምርመራ ለመመለስ ፈልጎ ቶማስ ሚጅሊ የተባለውን ወጣት መሐንዲስ መደበለት። ምርመራው ማንኳኳቱ ከብልጭታው እንደማይመጣ፣ ይልቁንም ከብልጭታው በኋላ ያልተቃጠለው የቤንዚን ክፍል በድንገት ሲፈነዳ እንደሚፈጠር አሳየ። ማቀጣጠያው ነጻ ወጣ፤ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ቤንዚኑን በምን እናለዝበው የሚል ሆነ።

ከብዙ ሙከራ በኋላ በዲሴምበር 9 ቀን 1921 ቴትራኤታይል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውህድ በጣም በጥቂቱ ሲጨመር ማንኳኳቱን ጸጥ እንደሚያደርግ ታወቀ። አልኮልም ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ተመሳሳይ ጥቅም እንደሚሰጥ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ነገር ግን የእርሳሱ መጠን እጅግ ጥቂት፣ ወጪውም ትንሽ ነበር፤ የባለቤትነት መብቱም ትርፍ ያመጣል። አዲሱ ቤንዚን በፌብሩዋሪ 1923 በዴተን ከተማ መሸጥ ጀመረ። የንግድ ስሙ ኤታይል ተባለ፤ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ አልነበረም። በ1924 ይህን የሚሸጥ ኩባንያ ሲቋቋም ኬተሪንግ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሚጅሊ ራሱ በእርሳስ መርዝ ታምሞ ለጊዜው ከሥራ ርቆ ነበር። በኦክቶበር 1924 በኒው ጀርሲ ግዛት በቤይዌይ ማጣሪያ ውህዱን ያዘጋጁ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ አእምሯቸው ተናውጦ ሞቱ፤ ሌሎች ብዙዎችም ታመሙ። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ባለሥልጣን በሜይ 1925 ጉባኤ ጠራ። ኬተሪንግ በጉባኤው ቀርቦ ለሥራው ተከራከረ። ጥቂት የጤና ሊቃውንት ከመኪና ጭስ የሚወጣው እርሳስ ቀስ በቀስ ሕዝብን እንደሚጎዳ አስጠነቀቁ። የተሰየመው ኮሚቴ ለመከልከል በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ምርመራው እንዲቀጥል ግን አሳሰበ። ሽያጩ ቀጠለ፤ ከጊዜ በኋላም እርሳስ ያለበት ቤንዚን በዓለም ሁሉ ተሰራጨ።

በዚህ ላይ የኬተሪንግ ሕይወት ሁለት መልክ ይይዛል። በማቀጣጠያው ጊዜ ጉድለቱ በመሣሪያው ላይ ይታይ ነበር፤ የሚያስተካክለውም ሰው በእጁ ይዞት ነበር። በእርሳሱ ጊዜ ግን ጉድለቱ ከሞተሩ ወጥቶ በጭስ ተሸሽጎ ወደ መንገደኛው ሳንባ፣ ወደ ሕፃናትም ደም ገባ። መካኒኩ ሞተሩን ቢፈታው አያገኘውም፤ ነጂውም ማንኳኳቱ ጸጥ ስላለ ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። ድምፁ ጠፋ፤ ጉዳቱ ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ከዚህ የተነሣ መልካም ሥራው ሁሉ ይሰረዝ ማለት አይደለም። ኬተሪንግ የባቡርን ዲዝል ሞተር ቀላልና ብርቱ በማድረግ በእንፋሎት የሚጎተተውን ባቡር ከሥራ ካሰናበቱት ሰዎች አንዱ ነው፤ በዚህ ሥራ ልጁ ዩጂን ረድቶታል። በ1945 ከአልፍሬድ ስሎን ጋር በመሆን በኒው ዮርክ ስሎን ኬተሪንግ የተባለውን የካንሰር ምርምር ተቋም መሠረተ። ባለቤቱ ኦሊቭ በ1946 በካንሰር ሞተች። እርሱም በኖቬምበር 25 ቀን 1958 በ82 ዓመቱ በዴተን ዐረፈ።

የተካው መሣሪያ

ኬተሪንግ የምርምር ክፍሉን መሪነት የተወው በ1947 ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ተሠራ፤ የኮንታክት ፖይንቱ ተተኪ ፈጣሪው ከሥራው ወንበር በተነሣበት ዓመት ተወለደ ማለት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ የአሜሪካ መኪናዎች ትራንዚስተር ያለበት ማቀጣጠያ በተጨማሪ ዋጋ ይቀርብ ጀመር። በሰፊው እንዲገባ ያደረገው ግን በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ነው። ሕጉ የጭስ መቆጣጠሪያው በ50,000 ማይል፣ ማለትም በ80,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ በብቃት እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። የሚበላና ሰዓቱን የሚለዋውጥ ኮንታክት ፖይንት ይህን ሊያሟላ አልቻለም። ከ1975 ጀምሮ በጭስ ማውጫው ላይ የተገጠመው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ደግሞ በእርሳስ ይበከላል፤ ሳይቀጣጠል በሚያልፍ ቤንዚንም ይቃጠላል። ስለዚህ እርሳሱም ኮንታክት ፖይንቱም አብረው መውጣት ነበረባቸው። ክራይስለር በ1973፣ ጄኔራል ሞተርስም በ1975 የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያን የመኪናዎቻቸው መደበኛ ዕቃ አደረጉት።

እርሳሱ ከዓለም እስኪወጣ ግን ብዙ ዘመን ወሰደ። ከሠሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 በዳካር ባደረጉት ስምምነት መሠረት እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 መግቢያ ድረስ አቋረጡ። በመጨረሻ ያቆመችው አገር አልጄሪያ ስትሆን ይህም በ2021 ነው።

በቢታ ገነት መንገድ

የኬተሪንግ ሕይወት ለዛሬው ባለሙያ የሚያቀርበው ጥያቄ አዲስ መሣሪያ ከአሮጌው ይሻላል ወይ የሚል ብቻ አይደለም። ሲበላሽ ጉድለቱ የት ይታያል፣ በማንስ እጅ ይወድቃል የሚለውም ነው። ይህን ለመመዘን የካፋን ምድር የመሰለ ቦታ የለም። ቢታ ገነት ከቦንጋ በስተምዕራብ፣ በደን በተሸፈነው ደጋ ውስጥ ትገኛለች፤ ቦንጋ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች። በዚያ አገር ዝናቡ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ጭጋጉ ይከብዳል፤ መንገዱ ይጨቀያል። በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ የቆመ አሮጌ ላንድሮቨር ባለቤት የመለዋወጫ ሱቅ በአጠገቡ አያገኝም።

ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያው ለዚህ ሰው እውነተኛ ጥቅም ይሰጠዋል። የሚፈተግና የሚቃጠል መገናኛ የለም፤ በዘንጉ ላይ በተገጠመ የመግነጢስ ቀለበትና በአነስተኛ ዳሳሽ አማካይነት ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል። እርጥበት የመገናኛውን ፊት አያዝግም፤ ክፍተት ማስተካከል ይቀራል፤ የዲስትሪቢዩተሩ ቡሽ ጥቂት ቢበላም ብልጭታው እንደ ቀድሞው አይዋዥቅም። ይሁን እንጂ የዲስትሪቢዩተር ክዳን፣ ሮተርና የካንዴላ ሽቦዎች እንደ ነበሩ ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ በዝናብ ሞተር የሚያቆመው በእነዚህ ላይ የሚያርፈው እርጥበት ነው፤ ክዳኑ ከተሰነጠቀ ወይም ሽቦው ከተላጠ አዲሱ መሣሪያ አያድነውም። ኮንታክት ፖይንቱን ያለ ጥፋቱ ከሶ ማስወጣት የማግኔቶ ወገኖች በባትሪው ማቀጣጠያ ላይ የፈጸሙትን ስሕተት መድገም ነው።

ከመግጠም በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮችም አሉ። ቀደምት ፎልክስዋገኖች በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ብዙ አሮጌ የእንግሊዝ መኪናዎች ደግሞ ከአካላቸው ጋር የተያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ወገን ነው። ለ12 ቮልትና ለኔጋቲቭ የተሠራው መሣሪያ በእነዚህ ላይ ከተገጠመ በትክክል አይሠራም ወይም ይቃጠላል። የቦቢናው መቋቋሚያ በኦም ተለክቶ አምራቹ ካዘዘው በታች አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ትራንዚስተሩን ያግለዋል። በመስመሩ ላይ የኤሌክትሪክ መቀነሻ ሬዚስተር ካለ መሣሪያው ሙሉ ቮልት ማግኘቱ ይታይ። ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ክፍት ሆኖ መቆየት ብዙዎቹን መሣሪያዎች ስለሚጎዳ ለነጂው በግልጽ ይነገረው። ከተገጠመም በኋላ የብልጭታው ሰዓት እንደ ገና ይስተካከል።

የባትሪውም ጉዳይ አለ። ኮንታክት ፖይንት ባትሪው ሲደክም ደካማም ቢሆን ብልጭታ ይሰጣል፤ መኪናውን ገፍቶ ወይም በእጅ ማዞሪያ አዙሮ ማስነሣት የሚቻለው ስለዚህ ነው። ኤሌክትሮኒኩ መሣሪያ ግን ቮልቱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ጭርሱን ዝም ሊል ይችላል። ሲቃጠልም አይጠቁርም፣ አይጎደጉድም፤ በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀብሮ ከደኅናው ሳይለይ ይቀመጣል። ጉድለቱ ከዓይን ተሰውሯል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ይህ ቀላል ጉዳይ ነው፤ ሌላ ገዝቶ መለወጥ ይቻላል። በቢታ ገነት መንገድ ግን የሚያድርበት ሰው ሊኖር ይችላል፤ በመኪናውም ውስጥ በሽተኛ ተሳፍሮ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በእንዲህ ያለው ምድር አስተዋይ ባለሙያ መሣሪያውን አይከለክልም፤ የወጣውን ኮንታክት ፖይንትም አይጥልም። የመገናኛውን ሳሕን ከነኮንደንሰሩ ክፍተቱን አስቀድሞ ለክቶ፣ ጥቂት ግሪስ ቀብቶና ከእርጥበት በሚጠብቅ ቆርቆሮ ዘግቶ፣ ከአንድ ዊንጭና ከመለኪያ ቅጠል ጋር ለባለቤቱ ያስረክባል። ሲያስረክብም መልሶ አገጣጠሙን በእጁ አሠርቶ ያሳየዋል። ይህ የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሞተሩ ግን ሁለት ዓይነት ሕይወት ያገኛል፤ አንዱ ሳይነካ ረዥም መንገድ የሚሄድበት፣ ሌላው በጭቃ መካከል ቢቆም በባለቤቱ እጅ የሚነሣበት ነው።

ኬተሪንግ ራሱ ለአሮጌ ዕቃ የሚከራከር ሰው አልነበረም። ማግኔቶውን ለመሻር በጋጣ ውስጥ ሌሊቱን የደከመ ሰው የራሱ መገናኛ በትራንዚስተር በመሻሩ ቅር ይለው ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ማቀጣጠያው ከ60 ዓመት በላይ በዓለም መንገድ ላይ ያገለገለው ፍጹም ስለ ነበረ አይደለም፤ ጉድለቱን ለከፈተው ሁሉ ስለሚያሳይ እንጂ። እርሳሱ ደግሞ በገበያ ላይ ከማቀጣጠያው ያላነሰ ዘመን የቆየው ጉድለቱን ስለሚሰውር ነው። ሁለቱም ከአንድ ሰው አእምሮና ከአንድ ዓይነት ትጋት የወጡ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ችሎታ ሳይሆን ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ የመጠየቅ ልማድ ነው። ዲስትሪቢዩተሩን ከፍቶ አዲሱን መሣሪያ የሚገጥም ባለሙያ ይህን ጥያቄ አብሮ ካነሣ የኬተሪንግን መልካም ቅርስ ጠበቀ፤ ከሌላውም ቅርሱ ተማረ ማለት ነው።